ስትሬን ጌጅ ለጥፋችሁ ንባቡ አልረጋ ላላችሁ፦ ከብረት ጽዳት እስከ ካሊብሬሽን

ስትሬን ጌጁ፣ ማለትም ብረት ሲለጠጥ ወይም ሲጨመቅ ኦሙ (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ) የሚቀየረው ስስ መለኪያ፣ ተለጥፏል። ሽቦው ተበይዷል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቁጥር ግን ዝም ብሎ ይጓዛል። ናሙናውን ማንም ሳይነካው 50 ማይክሮስትሬን (ከርዝመቱ በሚሊዮን 50 የሚሆን ለውጥ)፣ ከዚያ 80፣ ከዚያ 120 ይላል። ክብደቱን ስታነሱም ወደ ዜሮ አይመለስም።

የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠሩ ተማሪዎችና የላብራቶሪ ቴክኒሻኖች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያመጡልኛል። አብዛኞቹ ለቀናት ሶፍትዌሩን ሲጠረጥሩ ቆይተው ነው የሚመጡት። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የተሠራው ማጣበቂያው ከመከፈቱ በፊት ነው። ጌጁ የሚሰማው ከሥሩ ያለውን ነገር ብቻ ነው። ከሥሩ ዘይት ወይም ዝገት ካለ፣ ብረቱ ሲለጠጥ ጌጁ አብሮት አይለጠጥም።

ሥራው ምን ያህል ስስ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። የባለ 120 ኦም ጌጅ ጌጅ ፋክተር (ኦሙ ከርዝመቱ ስንት እጥፍ እንደሚቀየር የሚናገረው ቁጥር) 2 ቢሆን፣ በ1000 ማይክሮስትሬን የሚቀየረው 0.24 ኦም ብቻ ነው። ተራ (ለስላሳ) ብረት ተለጥጦ ወደነበረበት የማይመለስበት ደረጃ ላይ የሚደርሰው በ1250 ማይክሮስትሬን አካባቢ ነው። ስለዚህ ሙሉው ሙከራችሁ የሚያልቀው በ0.3 ኦም ገደማ ውስጥ ነው። ያልጠበቀ ሽቦ ብቻውን ከዚህ በላይ ሊቀይር ይችላል።

ይህ መመሪያ በብረትና በአልሙኒየም ላይ በሱፐር ግሉ ዓይነት ማጣበቂያ፣ ማለትም በሳያኖአክሪሌት፣ ስለሚለጠፍ ጌጅ ነው። ለፌሮና ለኮንክሪት የሚለየውን በየቦታው እጠቅሳለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ለአንድ ጌጅ ግማሽ ቀን መድቡ።

ደረጃ 1፦ ጌጁን ምረጡ

መጀመሪያ የኦም መጠኑን ወስኑ። ገበያ ላይ የሚበዙት 120 እና 350 ኦም ናቸው። ምርጫ ካላችሁ 350 ውሰዱ። በ5 ቮልት ብሪጅ (ጌጁ አንዱ ክንድ የሚሆንበት ባለ አራት ክንድ ሰርኪት) ውስጥ ባለ 120 ኦሙ 52 ሚሊ ዋት ያህል ያቃጥላል፤ ባለ 350ው ግን 18 ሚሊ ዋት ብቻ። ሙቀቱ ሲያንስ ንባቡ ይረጋል።

ቀጥሎ የሙቀት ኮዱን ተመልከቱ። ማሸጊያው ላይ 11 ወይም 06 ካለ ለብረት ነው። 23 ወይም 13 ካለ ለአልሙኒየም ነው። አንዱ ቁጥር በሴልሺየስ፣ ሌላው በፋራናይት ስለሚጻፍ ነው የሚለያዩት። የአልሙኒየሙን ብረት ላይ ከለጠፋችሁ፣ ክፍሉ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ዜሮው ይሄዳል።

ርዝመቱ እንደ ናሙናው ነው። ለብረት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ለእጅም ይመቻል። ለኮንክሪት ከትልቁ ጠጠር ቢያንስ 3 እጥፍ ይሁን። ጠጠሩ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጌጁ 60 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። አጭር ጌጅ ከለጠፋችሁ አንድ ጠጠር ብቻ እየለካችሁ ሊሆን ይችላል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ላስቲክ ወይም ስስ ፕላስቲክ ላይ ጌጅ መለጠፍ ናሙናውን ራሱን ያጠነክረዋል። እዚያ በካሜራ የሚሠራው የዲጂታል ምስል ማነጻጸሪያ ዘዴ ይሻላል። ለትንንሽ ስትሬን ግን ካሜራው ጌጁን አያክልም። የፋይበር ኦፕቲክ ሴንሰር ያላችሁም ይህን ገጽ አትዝለሉት። ፋይበሩንም ብትለጥፉት የገጽ ጽዳቱ ያው ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አድርጉ

መሃል ላይ ዕቃ ፍለጋ መነሳት ትልቅ ጥፋት ነው። የጸዳ ብረት አየር ላይ ሲቆይ መልሶ ይበላሻል። እነዚህ አጠገባችሁ ይሁኑ፦

- አሴቶን ወይም አይሶፕሮፒል አልኮል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ቅባት ይጨመርባቸዋል።
- ቁጥር 320 እና 400 ብርጭቆ ወረቀት
- ንጹሕ ጎዝ እና የጆሮ ጥጥ
- ኮንዲሽነር (ቀለል ያለ አሲድ ያለው የብረት ማጽጃ) እና ኒውትራላይዘር (አሲዱን የሚያመክነው ፈሳሽ)፣ ከጌጁ ጋር ከተገዙ
- ወረንጦ፣ ማስመሪያ፣ እስክሪብቶ
- ግልጽ ፕላስተር፣ የጸዳ መስታወት
- ማጣበቂያው፣ ማድረቂያው (ማጣበቂያው ቶሎ እንዲደርቅ የሚቀባው ፈሳሽ) እና ስስ የላስቲክ ቁራጭ
- ሶልደር ከሮዚን ፍላክስ ጋር፣ ስስ ጫፍ ያለው የመበየጃ ብረት
- መልቲሜትር

ማጣበቂያው ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ ሳትከፍቱት የክፍሉ ሙቀት ላይ እስኪደርስ ጠብቁ። ቀዝቃዛ እያለ ከከፈታችሁት ጤዛ ይገባበታል። ከወፈረና እንደ ማር ከተሳበ ጣሉት። ሊድን አይችልም።

ደረጃ 3፦ ገጹን አጽዱ

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

1. ጌጁ ከሚለጠፍበት ቦታ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ዙሪያውን በአሴቶን ጥረጉ። ቀድሞ ዘይቱን ሳታነሱ ብርጭቆ ወረቀት አትንኩ። ዘይቱ ካለ ወረቀቱ ወደ ብረቱ ጭረት ውስጥ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው።
2. ቀለም፣ ዝገትና የፋብሪካ ቅርፊት ካለ በሞረድ ወይም በግራይንደር አንሱ። ፌሮ ከሆነ ጥርሱን አለስልሱ። ግን ከሥጋው ብዙ አትብሉ። የቀነሳችሁትን ዲያሜትር ለኩና ጻፉ፤ ለስሌት ያስፈልጋል።
3. በ320 ወረቀት አሽሹ። ከዚያ በ400፣ ኮንዲሽነር እያረጠባችሁ። ኮንዲሽነር ከሌለ በአልኮል አርጥቡ። ፊቱ ያለ ድምቀት፣ ወጥና ትንሽ ሻካራ ይሁን። እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ማጣበቂያው የሚይዘው ነገር የለውም።
4. በንጹሕ ጎዝ *በአንድ አቅጣጫ ብቻ* ጥረጉ። አንዴ ከሳባችሁ በኋላ ጎዙን ገልብጡት ወይም ቀይሩት።

ወዲያና ወዲህ ማሸት የሁሉም ሰው ልማድ ነው። የመጀመሪያው ስበት ቆሻሻውን ይወስዳል፣ የመልሱ ስበት ደግሞ መልሶ ይቀባዋል። እኔ ራሴ ይህን እስክተው ብዙ ጌጅ ተላጦብኛል።

መጽዳቱን በምን አውቃለሁ? የጆሮ ጥጡን በኮንዲሽነር ነክራችሁ እሹት። ጥጡ ላይ ግራጫ ነገር ከመጣ አልጸዳም። ሌላ ጥጥ፣ ሌላ እሽታ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ። አምስትም ስምንትም ጥጥ ሊፈጅ ይችላል።

*ማስጠንቀቂያ፦* አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል። መስኮት ክፈቱ። የመበየጃውን ብረት ገና አትሰኩት። የጸዳውን ቦታ በጣት አትንኩ፣ አትንፉበትም።

ደረጃ 4፦ መስመር አስምሩ

የጌጁ አቅጣጫ በ5 ዲግሪ ቢዛባ፣ በአንድ አቅጣጫ በሚሳብ ብረት ላይ ስህተቱ ወደ 1 በመቶ ነው። በ10 ዲግሪ ግን ወደ 4 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ በዓይን ግምት አትለጥፉ።

ብረት ላይ በእስክሪብቶ፣ አልሙኒየም ላይ በጠንካራ እርሳስ ሁለት የሚቋረጡ መስመሮች አስምሩ። በመርፌ ወይም በሚስማር አትጫሩ። ጭረት ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል፤ ጌጁ ሥርም ጉብታ ይተዋል።

አስምራችሁ ስትጨርሱ ቦታውን እንደገና በኮንዲሽነር እሹ። ቀለሙ ይነሳል፣ አሻራው ግን ይታያችኋል። በመጨረሻ በኒውትራላይዘር እሹና ከመሃል ወደ ውጭ በአንድ ስበት ጥረጉ። አሁን ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። አልሙኒየም ከሆነ በ30 ደቂቃ፣ ብረት ከሆነ በ45 ደቂቃ ውስጥ ለጥፉ። ስልክ ተጠርቶ ካለፈባችሁ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ ለጥፉ

መጀመሪያ አንድ ጊዜ ያለ ማጣበቂያ ተለማመዱት። እጃችሁ ቅደም ተከተሉን ይወቀው።

1. ጌጁን ከጫፉ በወረንጦ ያዙት። ፍርግርጉን (መሃሉ ላይ ያለውን የሽቦ ጥልፍ) አትንኩ። የጸዳው መስታወት ላይ የመበየጃ ነጥቦቹ ወደ ላይ ሆነው አስቀምጡት።
2. 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ፕላስተር ላዩ ላይ ለጥፉ። በዝግታ በዝቅተኛ ማዕዘን አንሱት። ጌጁ አብሮ ይነሳል።
3. ናሙናው ላይ ከመስመሮቹ ጋር አስተካክላችሁ አሳርፉ። ከተዛባ አንሱና ድገሙ። እስካሁን ማጣበቂያ ስለሌለ ምንም አይጎዳም።
4. የፕላስተሩን አንድ ጫፍ ጌጁ እስኪነሳና ሥሩ እስኪታይ ድረስ ግለጡት። ሌላኛው ጫፍ እንደተለጠፈ ይቆይ።
5. የማድረቂያውን ብሩሽ ጠርሙሱ አፍ ላይ ደጋግማችሁ አራግፉ። ከዚያ የጌጁን ሥር አንድ ጊዜ ብቻ ቀቡ። 1 ደቂቃ ይድረቅ። ማድረቂያ ሲበዛ ማጣበቂያው ሳትጫኑት ይደርቅና ይወፍራል።
6. ፕላስተሩ ብረቱን በሚነካበት መገጣጠሚያ ላይ 1 ወይም 2 ጠብታ ማጣበቂያ አድርጉ።
7. ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ውስጥ ፕላስተሩን ወደ ታች እየመለሳችሁ በጎዝ በአንድ ስበት ጠበቅ አድርጋችሁ ጥረጉት። ማጣበቂያው እንደ ስስ ወረቀት ይዘረጋል።
8. ወዲያው ላስቲኩን አድርጋችሁ በአውራ ጣት ተጫኑ። ቢያንስ 1 ደቂቃ። የጣታችሁ ሙቀት ራሱ ያግዛል።
9. 2 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ፕላስተሩን ወደ ራሱ አጥፋችሁ በጣም በዝግታ ላጡት። ወደ ላይ ከሳባችሁት ጌጁን ያነሳዋል።

ክፍሉ ከ20 ዲግሪ በታች ከሆነ 1 ደቂቃ አይበቃም። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የምትሠሩ ይህ ይገጥማችኋል። በደረቅ ወቅትም እንዲሁ ነው፤ ይህ ማጣበቂያ የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ስለሆነ። በሁለቱም ጊዜ ጣታችሁን ለጥቂት ደቂቃዎች አቆዩ።

*ማስጠንቀቂያ፦* የፈሰሰ ሳያኖአክሪሌትን በጥጥ አትጥረጉ፣ የጥጥ ጓንትም አታድርጉ። ከጥጥ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይሞቃል፤ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ጣት ከተጣበቀ አትገንጥሉት፤ በሞቀ ውሃና ሳሙና ቀስ ብላችሁ ፍቱት።

ጫፉ ካልያዘ? በወረንጦ ጫፍ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። አንድ ጥግ ብቻ ቢነሳም አውልቁት። ጠብታ ጨምሮ ለማዳን መሞከር አይሠራም። ፍርግርጉ ሥር የአየር አረፋ ከታያችሁም እንደዚያው።

ደረጃ 6፦ ሽቦውን በይዱ

ፍርግርጉን በፕላስተር ሸፍኑት፤ ነጥቦቹ ብቻ ይታዩ። ከጌጁ አጠገብ ትንሽ የመበየጃ መያዣ ለጥፉ። ወፍራሙ ገመድ እሱ ላይ ይበየድ። ከእሱ ወደ ጌጁ የሚሄደው ፀጉር የመሰለ ስስ ሽቦ ይሁን፤ መሃሉ ላይ ቅስት ተዉለት። ገመዱ ሲጎተት ኃይሉ ጌጁ ላይ እንዳያርፍ ነው።

የመበየጃውን ብረት ነጥቡ ላይ ከ2 ሰከንድ በላይ አታቆዩ። አልያዘ ካለ አንሱ፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና። አሲድ ያለበትን የቧንቧ ፍላክስ በፍጹም አትጠቀሙ። ሲያልቅ ሮዚኑን በአልኮልና በብሩሽ አጥባችሁ አንሱ። የቀረ ፍላክስ እርጥበት ይስብና ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ሌሊቱን ሙሉ የተጓዘ ንባብ ጠዋት መጥቼ ሳየው፣ ምክንያቱ ነጥቦቹ መሃል የቀረ ቡናማ ጠብታ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሁለት ሽቦ ወይስ ሦስት? ሦስት። ሁለት ሽቦ ብቻ ካደረጋችሁ የገመዱ ኦም ከጌጁ ጋር ይደመራል። መዳብ በአንድ ዲግሪ 0.39 በመቶ ይቀየራል። ገመዱ በድምሩ 1 ኦም ሆኖ ፀሐይ በ10 ዲግሪ ብታሞቀው 0.039 ኦም ነው። ይህ በባለ 120 ኦም ጌጅ ላይ ከ160 ማይክሮስትሬን በላይ የውሸት ንባብ ይሰጣል። ጠዋት ቀዝቃዛ፣ ቀን ሞቃት በሆነ ግቢ ውስጥ 10 ዲግሪ ምንም አይደለም። ከጌጁ አንዱ ነጥብ አንድ ሽቦ፣ ከሌላው ነጥብ ሁለት ሽቦ አውጡ። አንዱ ሽቦ ከጌጁ ጋር ሌላው ከጎረቤቱ ክንድ ጋር ስለሚገባ፣ ለውጡ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሦስቱም እኩል ርዝመት ይኑራቸው።

ደረጃ 7፦ ሳትሸፍኑ ፈትሹ

- *የጌጁ ኦም።* ማሸጊያው ላይ ካለው ከ0.5 በመቶ በላይ ከተለየ ጌጁ ተጎድቷል። ለ120 ኦም ይህ 0.6 ኦም ነው። መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አገናኝታችሁ የራሱን ኦም ቀንሱ።
- *ጌጁና ብረቱ መሃል።* መልቲሜትሩ ከአቅሙ በላይ እንደሆነ ማሳየት አለበት። 20 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በታች ቁጥር ካነበበ እርጥበት ወይም ፍላክስ አለ። እጠቡ፣ በፀጉር ማድረቂያ በቀስታ አሙቁ፣ ድገሙ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ባለ 500 ቮልት ሜገር እዚህ አይገባም። ጌጁን ያቃጥለዋል።
- *የላጲስ ፍተሻ።* ከማንበቢያው (የጌጁን ንባብ ወደ ኮምፒውተር ከሚያስገባው መሣሪያ) ጋር አገናኙና የእርሳስ ላጲስ በፍርግርጉ ላይ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ስታነሱት ንባቡ ወዲያው ወደነበረበት ካልተመለሰ ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ።

ደረጃ 8፦ ሸፍኑ

ክፍል ውስጥ ለአንድ ቀን ሙከራ ስስ የመሸፈኛ ቫርኒሽ ይበቃል። ውጭ የሚቆይ ከሆነ ሲልከን ጨምሩ። አቼቶ የሚሸተውን ሲልከን አትግዙ፤ አሲዱ መዳቡን ይበላዋል። የማይሸተውን ጠይቁ።

ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበር ፌሮ ላይ ከሆነ ሲልከን ብቻውን አይበቃም። በላዩ ላይ ውሃ የማያስገባ ወፍራም የላስቲክ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ገመዱ የሚወጣበትንም አሽጉ። ሲሚንቶ ሲፈስና ቫይብሬተር ሲገባ የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ደረጃ 9፦ ብሪጁን ሙሉ

አንድ ጌጅ ብቻ ካላችሁ የዊትስቶን ብሪጁን ሌሎች ሦስት ክንዶች በሬዚስተር ትሞላላችሁ። ማንበቢያችሁ ይህን በውስጡ ካለው ጥሩ። በርካሹ የኤችኤክስ 711 ቦርድ (የብሪጁን ትንሽ ቮልት አጉልቶ ወደ ቁጥር በሚቀይረው) የምትሠሩ ግን ራሳችሁ ማሟላት አለባችሁ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወድቃል።

ከማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ መደብር የተገዛ ሬዚስተር በአንድ ዲግሪ በሚሊዮን 100 ወይም ከዚያ በላይ ሊቀየር ይችላል። ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ሲቀየር በሚሊዮን 500 ማለት ነው። ለጌጅ ፋክተር 2 ሲካፈል 250 ማይክሮስትሬን። ጌጁ ምንም ሳያደርግ! በሚሊዮን 25 ወይም ያነሰ የሚሉትን ፈልጉ። ካጣችሁ ሌላ መንገድ አለ። ተመሳሳይ ጌጅ፣ ክብደት በማይነካው ተመሳሳይ ብረት ቁራጭ ላይ ለጥፉና ከዋናው አጠገብ አስቀምጡት። ሁለቱን ጎረቤት ክንድ ስታደርጓቸው ሙቀቱን ይካካሳሉ።

ሌላው የኤችኤክስ 711 ጉዳይ የመግቢያው ወሰን ነው። በ5 ቮልትና በ128 ማጉላት ፕላስና ማይነስ 20 ሚሊ ቮልት ብቻ ይቀበላል። ሬዚስተሮቹ ከጌጁ ጋር በ2 በመቶ ቢለያዩ ብቻ ብሪጁ ያለ ክብደት 25 ሚሊ ቮልት ይሰጣል። ቁጥሩ አንድ ቦታ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ ይህን ጠርጥሩ።

ገመዱ የተጠማዘዘና ሽፋን (የውጭ ረብሻ የሚከላከል የብረት መረብ) ያለው ይሁን። ሽፋኑን በአንድ ጫፍ ብቻ ከመሬት አገናኙት። ከሞተርና ከመብራት ገመድ አርቁት።

ደረጃ 10፦ ካሊብሬት አድርጉ

*በሬዚስተር።* ባለ 120 ኦም ጌጅ ካላችሁ 59,880 ኦም ከጌጁ ጎን ለጎን አገናኙ። ባለ 350 ከሆነ 174,650 ኦም። ጌጅ ፋክተሩ 2 ከሆነ ሁለቱም በትክክል የ1000 ማይክሮስትሬን መጭመቅ ያስመስላሉ። የእናንተ ጌጅ ፋክተር 2.1 ከሆነ 1000ውን በ2 አባዙና በ2.1 አካፍሉ፤ 952 ይሆናል።

*በክብደት።* ሬዚስተሩ ሽቦውንና ማንበቢያውን ይፈትሻል፤ ማጣበቂያውን ግን አይፈትሽም። ስለዚህ አንድ የብረት ላሜራ አንድ ጫፉን በሞርሳ አጥብቁ። ስፋቱ 25፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከጌጁ መሃል 200 ሚሊ ሜትር ርቆ 1 ኪሎ አንጠልጥሉ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 6 × ኃይል × ርቀት፣ ሲካፈል ለስፋት × ውፍረት × ውፍረት × የብረቱ ሞዱለስ (ለመለጠጥ ያለው ግትርነት፣ በኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር)። በቁጥር፦ 6 × 9.81 × 200 ÷ (25 × 3 × 3 × 200,000)። የሚመጣው 262 ማይክሮስትሬን ነው። ላሜራው አልሙኒየም ከሆነ በ200,000 ፈንታ 70,000 አስገቡ፤ 747 ይሆናል።

ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ። በስሌቱ ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ የ0.1 ሚሊ ሜትር ስህተት ውጤቱን በ7 በመቶ ገደማ ያዛባል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ናሙናውን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ጫኑና አውርዱ። አዲስ ጌጅ በመጀመሪያዎቹ ጭነቶች ላይ ትንሽ ይቀመጣል። ዜሮውን ደብተር ላይ ጻፉ። መብራት ቢጠፋና ማንበቢያው ቢነሳ፣ የምትመለሱበት ቁጥር እሱ ብቻ ነው።

ችግር ሲገጥም

*ንባቡ በአንድ አቅጣጫ ይጓዛል።* መጀመሪያ ማንበቢያውን አብርታችሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት። ካልቆመ የጌጁንና የብረቱን መሃል ኦም ለኩ። እሱም ደህና ከሆነ ቮልቴጁን በግማሽ ቀንሱ። ጉዞው ከቀነሰ ጌጁ ራሱን እያሞቀ ነው፤ በዝቅተኛው ቮልቴጅ ሥሩ።

*ንባቡ ከስሌቱ በጣም ያንሳል።* በሬዚስተር ፈትሹ። 1000 ካሳየ ሽቦው ደህና ነው፤ ማጣበቂያው ወፍሯል ወይም አልያዘም። 1000 ካላሳየ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሙሉ ብሪጅ መርጣችሁ እንደሆነ እዩ። አንድ ጌጅ እያላችሁ ሙሉ ብሪጅ ከተመረጠ ውጤቱ ሩብ ይሆናል።

*ቁጥሩ ይንቀጠቀጣል።* በአቅራቢያ ያለውን ቻርጀርና መብራት አንድ በአንድ ንቀሉ። ላፕቶፑን በባትሪ አስኪዱት። ረጋ ካለ ጥፋቱ የ50 ኸርዝ መብራት ነው፤ የገመዱን ሽፋን አስተካክሉ።

*ገመድ ሲነካ ይዘላል።* ያልያዘ ብየዳ አለ። መያዣው ላይ ያለውን እንደገና በይዱ።

*ምልክቱ ተገልብጧል።* ሲሳብ ማይነስ ካለ ሁለቱን የሲግናል ሽቦዎች አለዋውጡ።

ሁሉም አልሆን ካለ ጌጁን አውልቁት። በምላጭ በዝቅተኛ ማዕዘን ፋቁ። የቀረውን ማጣበቂያ በአሴቶን የተነከረ ጎዝ ለ10 ደቂቃ ያህል አስቀምጣችሁበት አለስልሱና ጥረጉ። የወለቀ ጌጅ ተመልሶ አይለጠፍም። ግን ከመጣላችሁ በፊት ሥሩን ገልብጣችሁ እዩ። ማጣበቂያው በሙሉ ከጌጁ ጋር ከወጣ ብረቱ አልጸዳም ነበር፤ ከደረጃ 3 ጀምሩ። በሙሉ ብረቱ ላይ ከቀረ የጌጁ ሥር ተነክቶ ወይም ማድረቂያው በዝቶ ነበር፤ ብረቱን ዳግም አጽዱና በደረጃ 5 ላይ እጃችሁን ጠብቁ።